ካርታውን ከስክሪኑ ለይተው ይምረጡ፦ ስለ መኪና አቅጣጫ ጠቋሚ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የእንስሳት መድኃኒት ስለማከፋፍል ወደ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ እነዋሪና ዓለም ከተማ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ከጃፓን በዱባይ በኩል የመጣ ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። ፋብሪካው የገጠመለት ስክሪን ጃፓንኛ ብቻ ነው። ባትሪ ካስቀየርኩ ወዲህ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ቀርቷል፤ በስልክ ስናስተረጉመው ‹የካርታ ካርድ አስገባ› ይላል። ሬዲዮውም ዝም ብሏል። ከዚያ በፊትም ቀኑን ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ያሳይ ነበር። አንድ ነጋዴ የኢትዮጵያ ካርታ ያለበት ካርድ ከዱባይ አስመጣልሃለሁ ይለኛል። ሌላው ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ ስክሪን ግጠም ይላል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጂፒኤስ ኢንተርኔት ስለሚበላ ገጠር ውስጥ አይሠራም ባይ ነው። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦ ካርዱን አይግዙ። ነጋዴው ሆን ብሎ ባያታልልዎትም እንኳ የሚያመጣልዎት ነገር የሚፈልጉት አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ስክሪን ከሥር መሠረቱ ለጃፓን መንገድ የተሰናዳ ነው። ካርታው የጃፓን ነው፤ የትራፊክ መጨናነቅ መረጃ የሚጠብቀው ከጃፓን ማሠራጫዎች ነው፤ ሬዲዮው ሳይቀር የሚይዘው በዚያ አገር የተፈቀደውን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ነው፤ ዘግይተው የተሠሩት እስከ 95 ይደርሳሉ። የእኛ ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ድረስ ስለተዘረጋ፣ ተጨማሪ መቀየሪያ ካልተገጠመለት በስተቀር ፋናን በ98.1፣ ሸገርን በ102.1 ማግኘት አይችልም።

የካርዱ ነገር እንዲህ ነው። ቶዮታ ለጃፓን ባወጣቸው በርካታ ስክሪኖች ካርዱና መሣሪያው የተጣመሩ ናቸው፤ የሌላ መኪና ካርድ ወይም ቅጂ ቢያስገቡ አይቀበልም። ባትሪ ሲነቀል መሣሪያው እንደተሰረቀ ቆጥሮ ራሱን ይቆልፋል፤ ለመከፈትም የራሱን ካርድ ወይም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። የእርስዎ መኪና ካርድ ምናልባት ዱባይ ሳለ ወጥቶ ዘፈን ተጭኖበት ይሆናል፤ የተለመደ ነገር ነው። በቁጥር የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፤ ይችላሉም። ተከፍቶ የሚያገኙት ግን የቶኪዮንና የኦሳካን ካርታ ነው። ነጋዴው አሁንም የኢትዮጵያ ካርታ አለኝ ካለዎት፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ መኪና ላይ የደብረ ብርሃንን መንገዶች ያሳይዎት።

የቀኑ ጉዳይ ብልሽት አይደለም። መሣሪያው ቀኑን የሚወስደው ቦታንና ሰዓትን በሳተላይት ከሚያሳውቀው ከጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው ከ0 እስከ 1023 ድረስ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዜሮ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ነበር። ሶፍትዌሩ ያልታደሰለት አሮጌ መሣሪያ 1024 ሳምንት፣ ማለትም 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ለዚህ ብለው ለጥገና የሚያወጡት ገንዘብ ከንቱ ነው።

የእህትዎ ልጅ ሁለት ነገሮችን ቀላቅሏል። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይልካሉ። ስልክዎ ይቀበላል እንጂ ለሳተላይቱ መልሶ የሚልከው ነገር የለም፤ አራት ሳተላይት ከታየው ያለበትን ቦታና ከፍታ ያሰላል። ለዚህ ኢንተርኔት፣ ሲም ካርድም ሆነ የወር ክፍያ አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚፈልገው በየመንገዱ የሚወርደው የካርታ ሥዕል ነው፤ እርሱን ቤትዎ ሆነው አስቀድመው ካወረዱት የጓሳን ሜዳ ያለ ኔትወርክ ያቋርጣሉ። ልዩነት የሚመጣው መነሻ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ በኢንተርኔት ስለሚነገረው በሴኮንዶች ውስጥ ቦታውን ያውቃል። ኔትወርክ ከሌለ ግን ይህንኑ ከሳተላይቱ በዝግታ ያነባል፤ የሳተላይቱ መልእክት ከዳር እስከ ዳር ተላልፎ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ወይም መኪናው ተጭኖ ከሩቅ ከመጣ በኋላ አዲስ ስክሪን ቦታውን ቶሎ ባያውቅ ተበላሸ አይበሉ፤ ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ቆመው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስክሪንና ካርታን አንድ ዕቃ አድርጎ ስለሚገዛ ነው። በፋብሪካው መሣሪያ ሁለቱ ተጣብቀው ይመጣሉ፤ ካርታው ሲያረጅ ስክሪኑም አብሮ ያረጃል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሠርቶ የመጣ መኪናም ቢሆን ካርታው የዚያው አካባቢ ነው፤ እንግሊዝኛ መናገሩ ለመሐል ሜዳ መንገድ የሚጨምረው ነገር የለም። ለይተው ካሰቡት ግን ካርታው ስልክዎ ውስጥ ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል፤ መኪና ቢቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል። ከስክሪኑ የሚጠበቀው የስልኩን ካርታ ዓይን ሳያስጨንቅ ማሳየት፣ ድምፁን በመኪናው ድምፅ ማጉያ ማሰማትና ስልክዎን በእጅዎ ሳይነኩ እንዲያነጋግሩ ማስቻል ብቻ ነው።

ለፋብሪካው መሣሪያ ግን መመስከር ያለብኝ ነገር አለ። ከመኪናው የፍጥነት ምልክት በሽቦ ይቀበላል፤ መታጠፍን የሚለካ ጋይሮስኮፕም በውስጡ አለው። ሳተላይት ቢጠፋበት እንኳ ምን ያህል እንደተጓዘና ወዴት እንደዞረ አስልቶ ቀስቱን ያስኬዳል። ስልክ ይህን ያህል አይችልም። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የሠራው ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ የስልኩ ቀስት ይቆማል ወይም በግምት ይሄዳል። እዚያ ችግር የለውም፤ ዋሻ ውስጥ መታጠፊያ የለም። የሚያሳስበው ከዋሻው በኋላ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ቁልቁለት ነው። መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጣጠፈ ስለሚወርድ የላይኛውና የታችኛው ኩርባ በካርታ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። የሰማዩን አንድ ጎን ተራራው ይከልለዋል፤ ድንጋዩን መትቶ የሚመለሰው ምልክት ደግሞ ርቀቱን ያዛባል። ሜዳ ላይ በ5 ሜትር ልዩነት ያለበትን የሚያውቅ ስልክ እዚህ ሲደርስ ቀስቱ ከላይኛው ኩርባ ወደ ታችኛው ይዘላል፤ ተመልሶም ይወጣል። ጉም በወረደበት ቀን ከፊት ለፊት የማይታየውን መታጠፊያ ከስክሪን ለማንበብ የሚሞክር ሾፌር ሕይወቱን ለማይታመን ቀስት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በዚያ ቁልቁለት ስክሪኑን አይመልከቱ፤ ማርሽ ይቀንሱ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይመልከቱ።

  

አሁን ወደ መለወጡ ልምጣ። በቅድሚያ ሊነካ የማይገባውን ስክሪን ልንገርዎት፤ ለእርስዎ ባይሆንም የሚያነቡት ሌሎች አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህ መኪናዎች ሙቀትና ቅዝቃዜው፣ የኃይል መሙያው ቅንብር፣ የኋላ ካሜራው ሁሉ ከስክሪኑ ጋር የተሳሰረ ነው። ስክሪኑን መንቀል መኪናውን ማሽመድመድ ነው። ካርታው የቻይና፣ ቋንቋውም ቻይንኛ ቢሆን እንኳ ይተዉት፤ ጥሩ የስልክ መያዣ ገዝተው በስልክዎ ይጠቀሙ። የአየር ማቀዝቀዣውን ማስተካከያ ከስክሪኑ ጋር ላጣመረ ማንኛውም አዲስ መኪና ፍርዱ ያው ነው። የእርስዎ ራቭ ፎር ስክሪን ግን ተቆልፎ ሳለ ማቀዝቀዣው በራሱ ቁልፎች መሥራቱን ከቀጠለ፣ ራሱን የቻለ ዕቃ ነውና ሊነቀል ይችላል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተለመደው ባለ ሁለት ደረጃ ቴፕ 180 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። ቶዮታ ግን ለራሱ የሚጠቀመው 200 በ100ውን ነው። የ180ውን ቢገዙ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ያንን በካርቶንና በማጣበቂያ ሞልቶ የሚሰጥ ገጣሚ ካጋጠመዎት ዕቃዎን ይዘው ይውጡ፤ የእነዋሪ መንገድ በአንድ ክረምት ያረግፈዋል። 200ውን ይጠይቁ፤ ካልሆነም ለመኪናዎ ዓመተ ምርት የተሠራ ማቀፊያ አብሮ ይገዛ። ባለ 10 ኢንቹን አልመክርም። ትልቅ ስክሪን ከክሩስኮቱ ወጥቶ ይቆማል፣ የአየር ማስወጫውን ይሸፍናል፣ በጠጠር መንገድም ይርገበገባል። ለካርታ 7 ኢንች ይበቃል፤ 9 ኢንች ሞልቶ ይተርፋል።

ሽቦው ላይ ልቆይ፤ ገንዘብም መኪናም የሚጠፋው እዚህ ነው። ከጃፓን የሚመጡ ብዙ መኪናዎች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረው ዱባይ ነው። መሪ ሲዛወር ክሩስኮቱ ይወርዳል፣ የሽቦው ጥቅል በየቦታው ተቆርጦ ይቀጠላል። ስክሪኑን ሲነቅሉት ከኋላው የሚያገኙት ፋብሪካው ያሰረውን ላይሆን ይችላል፤ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ጉብታ፣ በአንዱ ጫፍ ግራጫ ሆኖ ገብቶ በሌላው ጫፍ ቀይ ሆኖ የሚወጣ ሽቦ፣ ሲነኩት የሚወልቅ ያልተበየደ ቅጥያ። ቶዮታ በራሱ አሠራር ቋሚውን ኃይል ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ባለበት ሽቦ፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣውን በግራጫ፣ ኔጋቲቩን በቡናማ ነው የሚያሳልፈው። አዲሱ ስክሪን ደግሞ ለቋሚው ቢጫ፣ ለቁልፉ ቀይ፣ ለኔጋቲቭ ጥቁር ይዞ ይመጣል። በቀለም ተማምኖ ማሰር አይቻልም፤ እያንዳንዱ ሽቦ ቁልፉ ተዘግቶም ተከፍቶም በቴስተር ይለካ። ገጣሚዎ ቴስተር ሳያወጣ መቁረጫ ካወጣ ያስቁሙት። ለቶዮታ የተሠራ ባለ 10 እና ባለ 6 እግር መሸጋገሪያ ሶኬት ገበያ ላይ አለ፤ በእርሱ ከተገጠመ አንድም የመኪናው ሽቦ ሳይቆረጥ ይሠራል፤ መኪናውን ሲሸጡም የቀድሞውን መልሰው መግጠም ይችላሉ።

ካሜራውን ለብቻው ይጠይቁ። የቶዮታ ፋብሪካ የኋላ ካሜራዎች በርካቶቹ የሚሠሩት በ6 ቮልት ነው። በቀጥታ 12 ቮልት የሰጠው ሰው ካሜራውን አቃጥሎ «ድሮም የተበላሸ ነበር» ይላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ መሸጋገሪያ ይኑረው፣ ካልሆነ አዲስ ካሜራ ይገጠም። የመሪ ላይ ቁልፎችም እንዲሠሩ ከወዲሁ ይስማሙ፤ ከተገጠመ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ ነው። የጂፒኤሱን አንቴና ደግሞ ብረት ሥር እንዳይቀብሩት፤ ክሩስኮቱ ላይ ከመስታወቱ ሥር፣ ሰማይ በሚያይበት ቦታ ይለጠፍ።

አንድ የምቃወመው ልማድ አለ። በሚነዳበት ጊዜ ፊልም እንዳይታይ የእጅ ፍሬን ሽቦ ለስክሪኑ ይነግረዋል። ገጣሚዎች ያንን ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር አስረው መኪናው ሁልጊዜ እንደቆመ ያስመስሉታል። እንዲህ አድርግልኝ አይበሉ፤ ሳይጠየቅ ካደረገውም ያስፈቱት። በቁልቁለት የሚነዳ ሰው ፊት ፊልም መክፈት ነፍስ ማጥፋት ነው።

ስክሪኑ ራሱ አንድሮይድ ይሁን ወይስ ስልክ የሚያገናኝ ብቻ? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ርካሾቹ አንድሮይድ ስክሪኖች ሳጥናቸው ላይ የሚጻፈው የማስታወሻ መጠን ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው፤ በቅንብሩ ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር ሳይቀር በሶፍትዌር የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተው ሥራውን ይፈትኑ። ሱቁ ውስጥ ካርታ ከፍተው፣ ዘፈን ከሥር እያጫወቱ የኋላ ማርሽ እንደገባ እንዲያስመስሉልዎት ይጠይቁ፤ የካሜራው ሥዕል ወዲያው ካልመጣ አይግዙት። የስልክን ካርታና ድምፅ በመኪና ስክሪን የሚያወጡትን ሥርዓቶች፣ አፕል ካርፕሌይን በ2014፣ ጉግል አንድሮይድ አውቶን በ2015 እ.ኤ.አ. ካወጡ ወዲህ ስክሪኑ ማሳያ ብቻ ሆኖ ስልኩ ሥራውን ይሠራል። ስልኩ ሲታደስ ካርታውም ይታደሳል። በገመድ የሚገናኘውን ይውሰዱ፤ ስልኩን እየሞላ ይሄዳል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የራስዎን ስልክ ሰክተው ይሞክሩ፤ የሻጩ ስልክ መሥራቱ ለእርስዎ ማረጋገጫ አይሆንም።

በስልክ መያዣ ብቻ መሄድስ? ይቻላል፤ ርካሹም እርሱ ነው። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ በመስታወቱ ፀሐይ ላይ፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ ካርታ ተከፍቶ የቆየ ስልክ ይግላል፤ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው። በስክሪን ከተገናኘ ስልኩን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል። ለእርስዎ አዘውትሮ ቆላ ለሚወርድ ሰው ስክሪኑ ገንዘቡን የሚያወጣው በዚህ ነው።

ካርታውን በሁለት መንገድ ያውርዱ። ጉግል ካርታ ላይ የሰሜን ሸዋን አካባቢ መርጠው ያስቀምጡ፤ የወረደው የአገልግሎት ጊዜ ስላለው በየጊዜው ከዋይፋይ ጋር አገናኝተው ያድሱት። ከእርሱ ጋር ኦርጋኒክ ማፕስን ይጫኑ፤ ከጅምሩ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የተሰናዳ ነው፤ የሚጠቀመውም በፈቃደኞች የሚሠራውን የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ስለሆነ አንዱ የማያውቀውን የገጠር መንገድ ሌላው ሊያሳይዎት ይችላል። አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቆመው ሰው ይጠይቁ። የከተሞች ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ በፍለጋ ላይ አይተማመኑ፤ አንድ ጊዜ የደረሱበትን የእያንዳንዱን ደንበኛ መድኃኒት ቤት እዚያው ቆመው ቦታውን ያስቀምጡት።

የካርታ ወሰን የት እንዳለ እነዋሪና ዓለም ከተማ ያሳዩዎታል። በቀጥታ መስመር ሲለኩ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የጀማ ሸለቆ ተከፍቷል። ከሳተላይት ፎቶ የተቀዳ ቀጭን መስመር ለካርታው መንገድ ሊመስለው ይችላል፤ መሬት ላይ ግን በቅሎ የምትወርድበት ቁልቁለት ሆኖ ይገኛል። ያልለመዱት አቋራጭ ሲታዘዙ የሚጓዙበት ሰዓት ከርቀቱ ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ይዩ። ክረምት ላይ የሚጨቀየው የሞረትና ጅሩ (የእነዋሪ ወረዳ) ዋልካ አፈር ደግሞ በካርታው ላይ በጋም ክረምትም አንድ መልክ ነው ያለው። ወንዝ መሙላቱን፣ ድንጋይ መናዱን፣ መንገድ መዘጋቱን ያወረዱት ካርታ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ጠዋት ከዚያ የመጣ የአይሱዙ ወይም የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ መናኸሪያ ጎራ ብለው ሳይጠይቁ አይነሱ።

እንግዲህ የእርስዎ መፍትሔ ይህ ነው፦ ካርዱን ይተዉት፤ የተቆለፈውን ስክሪን አስነቅለው ቤት ያስቀምጡት፣ አይጣሉት። በምትኩ 200 በ100 የሆነ ወይም ትክክለኛ ማቀፊያ ያለው፣ ከ7 እስከ 9 ኢንች፣ በገመድ ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ የሚቀበል ስክሪን በመሸጋገሪያ ሶኬት ያስገጥሙ። በጀትዎ ለጥሩ ስክሪንና ለጥሩ ገጣሚ የማይበቃ ከሆነ ርካሽ ስክሪን ከመግዛት ለጊዜው የስልክ መያዣ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ ገጣሚው ሳይሄድ የመጨረሻ ምርመራ ያድርግ። መኪናው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል በቴስተር ይለካ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መሆን የለበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪ ድሮም ይደክማልና ሌሊቱን የሚጠባ ስክሪን ከተጨመረበት ጠዋት አይነሳም። ከዚያ በላይ ካሳየ በብዛት ጥፋቱ የቁልፉ ሽቦ ከቋሚው ኃይል ጋር መታሰሩ ነው፤ ፈትቶ በትክክል እስኪያስር ድረስ ቀሪ ክፍያውን አይስጡት።